«ዲኤንኤ ፖሊሜሬዝ ዲኤንኤን ይቀዳል»፦ የአንዲት መስመር ታሪክ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ዲኤንኤ ፖሊሜሬዝ ዲኤንኤን የሚቀዳ ኢንዛይም ነው።» ባዮሎጂ የተማረ ሰው ሁሉ ይህቺን መስመር ያውቃታል። ፈተና ላይ ትመጣለች፣ ትከበባለች፣ አንድ ነጥብ ታስገኛለች፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። እኔን ግን ሁሌም ትገርመኛለች። እሷን ለማረጋገጥ ብዙ ዓመት ፈጅቷል። የኖቤል ሽልማት ከተሰጠባት በኋላ እንኳ ክርክሩ አላበቃም። ወሳኝ ወሳኙን መልስ የሰጡት ደግሞ ሰውን የማይነኩ፣ ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቁ ቫይረሶች ናቸው። ታሪኩ ሩቅ አገር ይጀምርና መጨረሻው ላይ እኛ ቤት ድረስ ይመጣል። እስቲ ከሥሩ እንጀምር።

ባክቴሪያም ይታመማል

ቫይረስ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ኮሮና፣ ኤችአይቪ ወይም ጉንፋን ነው። ባክቴሪያም ግን የራሱ ቫይረስ አለው። በ1915 እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ትዎርት፣ በ1917 ደግሞ ፓሪስ በሚገኘው ፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ፌሊክስ ዴሬል፣ በየፊናቸው ባክቴሪያን የሚያጠፋ ረቂቅ ነገር አገኙ። ዴሬል «ባክቴሪዮፌጅ» ብሎ ሰየመው፤ ባክቴሪያ በል እንደ ማለት ነው። እኛ አሳጥረን ፌጅ እንበለው።

ፌጅ ባክቴሪያው ላይ ይለጠፍና ዲኤንኤውን ወደ ውስጥ ይልካል፤ ቅርፊቱ ውጭ ይቀራል። ይህን በ1952 ያሳዩት አልፍሬድ ኸርሺና ማርታ ቼዝ ናቸው፤ መማሪያ መጽሐፋችሁ ላይ ታውቋቸዋላችሁ። እንደ ቲ4 ያለው ፌጅ ከገባ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢቆይ ነው፤ ባክቴሪያው ይፈነዳና ከመቶ በላይ አዳዲስ ፌጆች ይወጣሉ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንድ ዲኤንኤ ገብቶ ከመቶ በላይ ወጣ። ማን ቀዳው? ባለቤቱ ባክቴሪያ ነው ወይስ እንግዳው ቫይረስ? መልሱ እንደ ፌጁ ይለያያል። ፋይ ኤክስ 174 የሚባለው ትንሽ ፌጅ ጠቅላላ ዲኤንኤው 5,386 ፊደል ብቻ ነው። የራሱ ፖሊሜሬዝ የለውም፤ የባክቴሪያውን ይጠቀማል። ቲ4፣ ቲ7 እና ፋይ29 የሚባሉት ግን የራሳቸውን ፖሊሜሬዝ የሚያሠራ ጂን ይዘው ይመጣሉ። ባክቴሪያው የገዛ አጥፊውን መቅጃ በገዛ ጉልበቱ ይሠራል ማለት ነው። የዛሬው ታሪካችን የእነዚህ የሦስቱ ነው።

ጥያቄ አንድ፦ የሚቀዳው ማን ነው?

በ1956 አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ውስጥ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ አርተር ኮርንበርግ ከኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ዲኤንኤ የሚቀዳ ኢንዛይም አወጣ። በ1959 ከሴቬሮ ኦቾዋ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። በ1967 ደግሞ ወደ ስታንፎርድ ከተዛወረ በኋላ ከባልደረቦቹ ጋር የፋይ ኤክስ 174ን ዲኤንኤ በሙከራ ቱቦ ውስጥ ቀዳ። ቅጂው ባክቴሪያ ውስጥ ሲገባ እውነተኛ ቫይረስ አፈራ። ዜናውን ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሳይቀሩ ለሕዝብ ተናገሩት።

ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ቅር ያላቸው ሰዎች ግን ነበሩ። ኢንዛይሙ ዘገምተኛ ነው። በሕያው ኢ. ኮላይ ውስጥ ዲኤንኤ በሰከንድ ወደ 1,000 ፊደል ይቀዳል፤ የኮርንበርግ ኢንዛይም ወደዚያ አይጠጋም። ታዲያ በሙከራ ቱቦ ውስጥ ሥራውን መሥራት የቻለ ሁሉ፣ በባክቴሪያው ውስጥም ሠራተኛው እሱ ነው ማለት ነው?

በቀላሉ ላስረዳ። ጎረቤቴ እንጀራ መጋገር ትችላለች። እንዲያውም ባለሙያ ናት። እኔ ቤት መሶብ ውስጥ ያለውን እንጀራ የጋገረችው እሷ ናት ማለት ግን አይደለም። ማረጋገጥ ከፈለግን አንድ መንገድ አለ፦ እሷ በሌለችበት ቀን እኔ ቤት እንጀራ ይኖራል ወይስ አይኖርም?

በሕያው ነገር ላይ ይህን መሞከር አስቸጋሪ ነው። ዲኤንኤውን መቅዳት ያቃተው ፍጡር ዘር አይተካም፤ ዘር ያልተካ ደግሞ አርብታችሁ ልታጠኑት አትችሉም። መውጫው የተገኘው ከፌጅ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ በሚገኘው ካልቴክ፣ ሪቻርድ ኤፕስታይን፣ ሮበርት ኤድጋርና ባልደረቦቻቸው የቲ4ን ጂኖች በቅድመ ሁኔታ የሚበላሹ አድርገው አገኟቸው። አንዱ ዓይነት ብልሽት በ25 ዲግሪ አይታይም፣ በ42 ዲግሪ ግን ቫይረሱን ያቆመዋል። ሌላው ዓይነት በአንዱ የባክቴሪያ ዘር ውስጥ ያራባዋል፣ በሌላው ውስጥ አያራባውም። ለዚህ ለሁለተኛው «አምበር» የሚል ስም ወጣለት። ምክንያቱ ያስቃል፤ ፍለጋውን ያገዘው ተማሪ ሃሪስ በርንስታይን ይባል ነበር፣ በርንስታይን ደግሞ በጀርመንኛ አምበር ማለት ነው። ስሙ ይኸው እስከ ዛሬ በየመጽሐፉ አለ።

የዘዴው ጥቅም ይታያችሁ። ቫይረሱን በሚመቸው ሁኔታ ታረቡታላችሁ፣ ከዚያ ወደማይመቸው ታዛውሩትና የትኛው ሥራ እንደተቋረጠ ታያላችሁ። ሠራተኛዋን በፈለጋችሁት ቀን እረፍት እንደ መስጠት ነው። ጂን 43 ሲበላሽ ዲኤንኤው ይገባል፣ ባክቴሪያው ይያዛል፣ አዲስ የቫይረስ ዲኤንኤ ግን አይሠራም።

በሌላ በኩል በ1962 አፖሺያንና ራሱ ኮርንበርግ፣ የቲ4 የቅርብ ዘመድ በሆነው በቲ2 በተያዘ ባክቴሪያ ውስጥ ከባክቴሪያው የተለየ አዲስ ፖሊሜሬዝ አግኝተው ነበር። በ1965 ዴ ቫርድ፣ ፖልና ሌማን ሁለቱን ጫፎች አገናኙ፦ ጂን 43 የቲ4 ፖሊሜሬዝ ጂን ነው። ኢንዛይሙ መቅዳት እንደሚችል በቱቦ ታየ፤ እሱ ከሌለ ቅጂ እንደማይኖር ደግሞ በቫይረሱ ታየ። ሁለቱም ማስረጃ አንድ ላይ ሲቆም ነው «የሚቀዳው ይሄ ነው» ብሎ አፍ ሞልቶ መናገር የሚቻለው።

የባክቴሪያውስ? በ1969 ኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ላይ ጆን ኬርንስና ረዳቱ ፓውላ ደ ሉቺያ የኢ. ኮላይ ዘሮችን በሺዎች እየቆጠሩ መረመሩ። በመጨረሻ የኮርንበርግ ኢንዛይም ሥራ የጠፋበትን አንድ ዘር አገኙ። ያ ባክቴሪያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይራባል! በአልትራቫዮሌት ጨረር ግን ቶሎ ይጎዳል። የኖቤሉ ኢንዛይም በዋናነት ጠጋኝና አሟይ ሆኖ ተገኘ፤ ዋናው ጋጋሪ ሌላ ነው።

ዋናውን ማን ያገኘው ይመስላችኋል? የኮርንበርግ ልጅ! ቶማስ ኮርንበርግ ጁሊያርድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ የተማረ ወጣት ነበር። ከማልኮልም ጌፍተር ጋር ሆኖ በ1970 ሁለተኛውን፣ በ1971 ሦስተኛውን የኢ. ኮላይ ፖሊሜሬዝ አወጣ። ዋናው ቀጂ ሦስተኛው ነው። ይሄ ማለት ግን የአባትየው ሥራ ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። ፖሊሜሬዝ የሚገለብጠው ሞዴል፣ አራቱ ፊደሎችና የሚያስቀጥለው መነሻ ጫፍ ያስፈልገዋል የሚለው ሕግ እስከ ዛሬ ጸንቶ ቆሟል።

እየጻፈ የሚፍቅ ጸሐፊ

ጂን 43 አስተምሮን አላበቃም። በ1965 ጆሴፍ ስፓየር አንድ እንግዳ ነገር አየ። በዚህ ጂን ላይ የሙቀት ብልሽት ያለባቸው አንዳንድ ቲ4ዎች፣ በሌሎች ጂኖቻቸውም ላይ ሚውቴሽን ያበዛሉ። ጥቂት ቆይቶ ጆን ድሬክና ባልደረቦቹ ተቃራኒውን አገኙ፦ ጂን 43 ሲለወጥ ከተፈጥሮው ቲ4 እንኳ ያነሰ የሚሳሳቱ ቫይረሶች አሉ።

የዚህ ምስጢር በ1972 በሙዚችካ፣ በፖላንድና በቤስማን ሥራ ተገለጠ። ብራና የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊን አስቡ። ሲጽፍ ይሳሳታል፣ ሲሳሳት ፍቆ ያርማል። የቲ4 ፖሊሜሬዝም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ክፍሉ ይጽፋል፣ ሌላው ክፍሉ የተሳሳተውን ፊደል ይፍቃል። የስህተቱ መጠን በሁለቱ ሚዛን ይወሰናል። መፋቁ የደከመበት ስህተት ያበዛል። መፋቁ የበረታበት ስህተት ይቀንሳል፣ ግን ትክክለኛውን ፊደል ጭምር እየፋቀ ቀለሙን ያባክናል።

ይህን ሳስተምር ሁሌ የምለው አለ። ብዙ ሰው ሚውቴሽን ሲባል ከውጭ የሚመጣ ጨረር ወይም መርዝ ብቻ ይመስለዋል። የቫይረሱ ትምህርት ግን የስህተቱ መጠን በከፊል ጸሐፊው እጅ ላይ ነው የሚል ነው። ሕይወት ፍጹም ጥንቃቄንም፣ ፍጹም ግዴለሽነትንም አልመረጠችም። መሃል ላይ ተስማማች።

የቲ4ን ነገር ሳልዘጋ አንድ ሰው ልጨምር። ብሩስ አልበርትስ በ1965 ሃርቫርድ ላይ የፒኤችዲ ፈተናውን በመጀመሪያው ሙከራ ወደቀ። አዎ፣ ወደቀ! ዲግሪውን ለመጨረስ ተጨማሪ ወራት ፈጀበት። ከዚያ ጄኔቫ ሄዶ ኤፕስታይን ያፈራቸውን የቲ4 ብልሽቶች ይዞ ሌላ መንገድ ቀየሰ። ዲኤንኤ የተለጠፈበት ሴሉሎስ ቱቦ ውስጥ ሞላና በቫይረስ የተያዘ ባክቴሪያ ጭማቂ አፈሰሰበት። ዲኤንኤ የሚወዱ ፕሮቲኖች ተጣብቀው ይቀራሉ፣ ሌላው ያልፋል። በዚህ ዘዴ የጂን 32ን ፕሮቲን አገኘ፤ ጽሑፉ በ1970 ወጣ። ያ ፕሮቲን የተፈታውን የዲኤንኤ ገመድ እንዳይጠቀለል ይዞ የሚያቆም ነው።

በኋላ የእሱ ቡድን ቲ4 ለመቅዳት የሚያስፈልጉትን ሰባት ፕሮቲኖች በቱቦ ውስጥ አሰባሰበ። አንዱ ገመዱን ይፈታል፣ አንዱ መነሻ ያኖራል፣ አንዱ ቀለበት ሆኖ ፖሊሜሬዙ እንዳይንሸራተት ያስረዋል፣ ሌሎቹ ቀለበቱን ያጠልቃሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ይሄ ነው። በፈተና የወደቀው ልጅ በኋላ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነ። ዘንድሮ ውጤት አልመጣላችሁም ብላችሁ አንገታችሁን የደፋችሁ ልጆች፣ ይህቺን አንቀጽ ደግማችሁ አንብቧት።

ጥያቄ ሁለት፦ ከየት ይጀምራል?

ፖሊሜሬዝ አንድ ድክመት አለው። የተጀመረውን ያስቀጥላል እንጂ ከባዶ መጀመር አይችልም። ስለዚህ ቀጥ ያለ ዲኤንኤ ጫፉ ላይ ችግር ይገጥመዋል። የመጀመሪያዋ ፊደል በምን ላይ ትቀመጥ?

መልሱ ከስፔን መጣ። ማርጋሪታ ሳላስ በ1938 አስቱሪያስ ውስጥ ተወለደች። በዚያ ዘመን ስፔን በፍራንኮ አገዛዝ ሥር ነበረች፤ ለሳይንስ የሚመደበው ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፣ ሴት ሳይንቲስት ደግሞ በቁም ነገር አትታይም። የፒኤችዲ አማካሪዋ አልቤርቶ ሶልስ፣ ሴት በመሆኗ ያን ያህል ትኩረት የማይሻ ርዕስ እንደሰጣት ከዓመታት በኋላ በአደባባይ ተናግሯል። በ1964 ከባለቤቷ ከኤላዲዮ ቪኙዌላ ጋር ኒውዮርክ ወደሚገኘው የኦቾዋ ቤተ ሙከራ ሄደች። አዎ፣ ያው ከኮርንበርግ ጋር የተሸለመው ኦቾዋ። እሱም ባልና ሚስቱን በተለያየ ቡድን መደባቸው። እሷ «የቪኙዌላ ሚስት» ሳትባል በራሷ ስም የታወቀችው ያኔ ነው።

በ1967 ወደ ማድሪድ ተመለሱ። ባልና ሚስት የሚመራመሩበትን ነገር ሲመርጡ ፋይ29ን መረጡ፤ አፈር ውስጥ የሚኖረውን ባሲለስ ሰብቲሊስ የተባለ ባክቴሪያ የሚያጠቃ ትንሽ ፌጅ ነው። ዲኤንኤው 19,285 ፊደል ብቻ ነው። በሽታ አያመጣም፣ በሽታ አያድንም። ጥቂት ቆይቶ ኤላዲዮ ሥራው በእሷ ስም እንዲታወቅ ብሎ ፋይ29ን ለእሷ ትቶ ወደ ሌላ ቫይረስ ዞረ። በዚያ ዘመን ይህን ያደረገ ባል ብዙ አልነበረም።

ሳላስና ባልደረቦቿ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያገኙት ነገር አስደናቂ ነው። በፋይ29 ዲኤንኤ በሁለቱም ጫፎች ላይ አንድ አንድ ፕሮቲን ተጣብቋል። መነሻው ይህ ፕሮቲን ራሱ ነው! ፖሊሜሬዙ የመጀመሪያዋን ፊደል ፕሮቲኑ ላይ ይሰካል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ኦቾሎኒ ከሚያክል እውቀት የሚበቅለውን ደግሞ ተመልከቱ፦ ሰውን የሚይዘው አዴኖቫይረስም በዚሁ መንገድ እንደሚጀምር ታወቀ።

በ1984 ሉዊስ ብላንኮና ሳላስ የፋይ29ን ፖሊሜሬዝ አጥርተው አወጡ። ይሄኛው ቡድን አይፈልግም። ቀለበትም ገመድ ፈቺም ሳያስፈልገው፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ሁለተኛ ገመድ ራሱ እየገፈፈ ይሄዳል። አንዴ ዲኤንኤውን ከያዘ ሳይለቅ ከ70,000 ፊደል በላይ ይቀዳል። የሚሠራው በ30 ዲግሪ ስለሆነ እንደ ፒሲአር ማሞቅና ማቀዝቀዝ አይጠይቅም። ስህተቱም በጣም አነስተኛ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአንዲት ሴል የተገኘን ቅንጣት ዲኤንኤ ለምርመራ እስኪበቃ ድረስ ለማባዛት ዋና መሣሪያ ሆነ። የፈጠራ መብቱ ለስፔን ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ብዙ ገንዘብ ካስገቡት መካከል ግንባር ቀደሙ ነው። ሳላስ በ2019 የአውሮፓ የፈጠራ ሰዎች ሽልማትን ተቀበለች፣ በዚያው ዓመት ኅዳር አካባቢ በ80 ዓመቷ አረፈች። እስከ መጨረሻው ከቤተ ሙከራዋ አልራቀችም።

ጥያቄ ሦስት፦ እንዴት ሳይለቅ ይቀጥላል?

ቲ7 ከቲ4 ያንሳል፤ ዲኤንኤው 39,937 ፊደል ነው። የራሱ ፖሊሜሬዝ አለው፣ ግን ብቻውን ሲሠራ ጥቂት ፊደል ጽፎ ይወድቃል። በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ቻርልስ ሪቻርድሰንና ፖል ሞድሪክ በ1970ዎቹ አጋማሽ ምክንያቱን ፈለጉ። ፖሊሜሬዙ ከባክቴሪያው አንድ ፕሮቲን ይበደራል። እሱም ታዮሬዶክሲን ነው፤ በባክቴሪያው ውስጥ የዘወትር ሥራው ሌላ ነው፣ ከመቅዳት ጋር አይገናኝም። ቲ7 ግን እንደ መያዣ እጀታ አደረገው፤ ከእሱ ጋር ሲሆን ሳይወድቅ ብዙ መቶና ሺህ ፊደል ይሄዳል። ቫይረስ የሰው ቤት ዕቃ ሲወስድ እንኳ ለምን እንደሚውል ያውቃል!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1977 ፍሬድሪክ ሳንገር ዲኤንኤን የማንበቢያ ዘዴ አወጣ። ዘዴው ፖሊሜሬዙን ማታለል ነው። እያንዳንዱ ፊደል ቀጣዩን የሚይዝበት መንጠቆ አለው። ሳንገር መንጠቆ የሌለው ፊደል አቀረበለት። ፖሊሜሬዙ ያን ሲያስገባ ሰንሰለቱ እዚያው ላይ ይቆማል። የት የት እንደቆመ ታይቶ ፊደሉ ይነበባል።

ችግሩ አብዛኞቹ የታወቁት ፖሊሜሬዞች መታለል አይወዱም፤ መንጠቆ አልባውን ፊደል እየለዩ ይጥላሉ። የቲ7 ፖሊሜሬዝ ግን ከእውነተኛው ፊደል እምብዛም አይለየውም። በ1987 ስታንሊ ታቦርና ሪቻርድሰን ይህንን ኢንዛይም ፋቂ ክፍሉን አሰናክለው ለንባብ አቀረቡት። በ1995 ደግሞ ምክንያቱን አገኙት። በአንድ ቦታ ላይ ቲ7 ታይሮሲን የተባለ አሚኖ አሲድ አለው፤ የኢ. ኮላይ ጠጋኝ ኢንዛይምና ለፒሲአር የሚያገለግለው ታክ ፖሊሜሬዝ በዚያው ቦታ ላይ ፌኒልአላኒን አላቸው። የሁለቱ አሚኖ አሲዶች ልዩነት አንድ የኦክስጅን አቶም ብቻ ነው! የታክን ወደ ታይሮሲን ሲቀይሩት እሱም መንጠቆ አልባውን ፊደል በሺዎች እጥፍ በበለጠ መቀበል ጀመረ። በዚህ መንገድ የተሻሻሉ ኢንዛይሞች በ2003 ተጠናቀቀ የተባለው የሰው ጂኖም ንባብ ላይ ሠርተዋል።

እኛ ቤት

ሴሎቻችን ውስጥ ኃይል የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያ የራሳቸው ዲኤንኤ አላቸው፤ 16,569 ፊደል። እሱን የሚቀዳው ፖሊሜሬዝ ጋማ ይባላል። ማይቶኮንድሪያ ዘራቸው ከባክቴሪያ ነው፣ ስለዚህ መቅጃቸው የባክቴሪያ ይመስላል ብለን እንጠብቃለን። አይደለም። ፖሊሜሬዝ ጋማ የቲ7 ወገን ነው። በ2001 የተገኘው የማይቶኮንድሪያ ገመድ ፈቺም የቲ7ን ይመስላል። በጥንት ጊዜ አንድ ፌጅ እዚያ ቤት ገብቶ ዕቃውን ትቶ ሄዷል ብለው የሚያስቡ ሳይንቲስቶች አሉ።

አሁን ኤችአይቪን አምጡ። የመጀመሪያዎቹ መድኃኒቶች፣ እነ ዚዶቩዲን፣ ዲዳኖሲንና ስታቩዲን፣ የሚሠሩት በሳንገር ዘዴ ነው። መንጠቆ የሌለው ፊደል ናቸው። የኤችአይቪ መቅጃ ኢንዛይም ይታለልና ሰንሰለቱ ይቆማል። ግን እኛም ውስጥ የሚታለል አለ። ፖሊሜሬዝ ጋማ፣ ልክ እንደ ቲ7፣ በዚያው ቦታ ላይ ታይሮሲን አለው። በ2003 የታተመ ጥናት ያንን ታይሮሲን በፌኒልአላኒን ሲተካው ኢንዛይሙ እንደ ስታቩዲን ያለውን የሐሰት ፊደል በእጅጉ መለየት ቻለ። ያው አንድ የኦክስጅን አቶም!

ይሄ ለእኔ የመጽሐፍ ወሬ አይደለም። በ2005 በአገራችን የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር ስታቩዲን ያለበት ጥምረት በሰፊው ይሰጥ ነበር። አንዲት የቅርብ ዘመዴ ከወሰዱት አንዷ ናት፤ ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው። መድኃኒቱ ከአልጋ አነሳት፣ ልጆቿን አሳደገችበት። ግን ሌሊት ሌሊት «እግሬን ረመጥ ላይ ያስቀመጥኩት ይመስለኛል» ትል ነበር፣ ጉንጯም እየጎደጎደ ሄደ። ጎረቤት ሌላ ሌላ ነገር ያወራል። በእግርና በእጅ ላይ የሚሰማው ማቃጠልና የፊት ስብ መሟጠጥ የስታቩዲን የታወቁ ጉዳቶች ናቸው፤ ለዚህ ከሚጠቀሱት ዋና ምክንያቶች አንዱ በፖሊሜሬዝ ጋማ ላይ የሚያደርሰው ነው። በ2009 የዓለም ጤና ድርጅት ስታቩዲን ቀስ በቀስ እንዲቀር መከረ። ቦታውን በብዛት የያዘው ቴኖፎቪር በፖሊሜሬዝ ጋማ ላይ ያለው ጫና እጅግ ያነሰ ነው። ዘመዴም መድኃኒቷ ተቀየረላት፣ ዛሬ ደህና ናት። (አደራ፣ መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ይህን አንብባችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙ። የአሁኖቹ ሌላ ናቸው፤ ጥያቄ ካላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።)

ዛሬ አዲስ የዚህ ዓይነት መድኃኒት ሲታሰብ ከሚጠየቁት ጥያቄዎች አንዱ «ፖሊሜሬዝ ጋማን ያታልላል ወይ?» የሚለው ነው። ጥያቄውን በትክክል ለመጠየቅ ያስቻለን ግን ማንንም የማያሳምም፣ ማንንም የማያድን የባክቴሪያ ቫይረስ ነው። ሪቻርድሰንና ጓደኞቹ ቲ7ን ሲመረምሩ የማንንም እግር ለማዳን አላሰቡም። ሳላስም ፋይ29ን ስትመርጥ ገቢ አልታያትም። የታያቸው ንጹሕ ጥያቄ ነው፦ ማን ይቀዳል? ከየት ይጀምራል? እንዴት ሳይለቅ ይሄዳል? ቫይረሶቹ ትንሽ ስለሆኑ፣ ሊሰበሩና ሊፈተኑ ስለሚችሉ፣ መልስ ሰጡ።

«ይሄ ምን ይጠቅማል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ነውሩ መልሱን ሳይጠብቁ በሩን መዝጋት ነው። በጀት የምትመድቡ፣ ልጆቻችሁን «ዳቦ የማያበላ ትምህርት» እያላችሁ ከባዮሎጂና ከፊዚክስ የምታርቁ ወላጆችም ይህን ብታስቡበት ደስ ይለኛል። በዚያች አንዲት መስመርና በዘመዴ እግር መካከል ያለው መንገድ ከ40 ዓመት በላይ ርዝመት ነበረው፤ በየመሃሉ ግን አንድም ሰው ባይሄድበት ኖሮ መድረሻ አልነበረውም።

ተማሪዎቼ፣ ቀጥሎ «ይህ ኢንዛይም ይህን ይሠራል» የሚል መስመር ስታነቡ ሁለት ነገር ጠይቁ። መሥራት እንደሚችል በምን ታወቀ? እሱ ባይኖርስ ሥራው ይቆማል ወይ? ሁለቱን ከመለሳችሁ መስመሯን አውቃችኋታል።

ጥያቄም እርማትም ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ አንድ በአንድ እመልሳለሁ። መልካም ሰንበት!